ከድንች ዓይን እስከ አቀንጭራ፦ በደሴና በኮምቦልቻ የዕፅዋት አካላት ጥናቴ የደረሰበት

ውድ የዕፅዋት ጥናት ባልደረቦቼ፣ የዕፅዋትን አካላት አሠራርና ተግባር በትርፍ ጊዜዬ ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ ያየሁትን እንዳካፍል በጠየቃችሁኝ መሠረት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። የምኖረው ደሴ ሲሆን ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ፤ ይህም ለጥናቱ በጣም ጠቅሞኛል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው ደሴ ተነስቶ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከላይ በባሕር ዛፍ፣ በባቄላና በገብስ ተጀምሮ ከታች በግራር፣ በበለስና በማሽላ ያልቃል። ስለዚህ በአንድ ቀን ውስጥ ቅዝቃዜ የለመደ ተክልና ሙቀት የለመደ ተክል አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማየት ይቻላል።

ትምህርት ቤት ሳለን ሥር ውኃና ማዕድን ይስባል፣ ግንድ ይሸከማል፣ ቅጠል ምግብ ያዘጋጃል፣ አበባ ለመራቢያ ያገለግላል ብለን በቃላችን ያጠናነው ሁሉ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት ብቻውን በእጃችን የያዝነው ነገር የትኛው አካል እንደሆነ ለመለየት አያስችልም፤ ምግብ የሚያከማች ሥር አለ፣ ምግብ የሚያከማች ግንድ አለ፣ ምግብ የሚያከማች ቅጠልም አለ። እኔ እስካሁን ካገኘሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ አንድ መመዘኛ ቢኖር፣ የአንድን አካል ማንነት ከቦታውና ከጎረቤቶቹ መለየት፣ ሥራውን ደግሞ ከውስጣዊ አሠራሩ መረዳት እንደሚገባ ነው። ግንድ አንጓ አለው፤ ከአንጓው ቅጠል ይወጣል፤ ቅጠሉና ግንዱ በሚገናኙበት ብብት ውስጥ እምቡጥ ይቀመጣል፤ ያ እምቡጥ ሲያድግ ቅርንጫፍ ወይም አበባ ይሆናል። ሥር ግን አንጓም ቅጠልም የለውም፤ የጎን ሥሮቹም የሚነሡት ከላይኛው ቆዳው ሳይሆን ከመካከሉ ሲሆን ሥጋውን ሰንጥቀው ይወጣሉ። ቀጥሎ የምተርከው በሙሉ ይህ መመዘኛ የት የት እንዳደረሰኝ ነው።

መመዘኛውን በመጀመሪያ የሞከርኩት ከሰኞ ገበያ ተገዝቶ ወደ ቤት በገባ አስቤዛ ላይ ነው። ድንች ከአፈር ውስጥ ስለሚወጣ ሥር ነው የሚል ብዙ ሰው አለ። ይሁንና የድንቹን ዓይን በማጉያ መነጽር ስንመለከት፣ በጎድጓዳው ውስጥ እምቡጥ፣ ከእምቡጡ ዝቅ ብሎ ደግሞ ከፊል ክብ የሆነ ቀጭን ጠባሳ እናገኛለን፤ ጠባሳው አንድ ጊዜ የደቀቀ ቅጠል የነበረበት ቦታ ነው። ቅጠል፣ ብብትና እምቡጥ ሦስቱም ተሟልተዋል ማለት ነው። ዓይኖቹ ድንቹ ከእናት ተክሉ ጋር ተያይዞ ከነበረበት ጫፍ ጀምረው እየተጠማዘዙ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳሉ፤ እዚያም ተቀራርበው ይበዛሉ፤ ይህም በማንኛውም ለጋ ቀንበጥ ጫፍ ላይ የምናየው አደራደር ነው። ስለዚህ ድንች ያበጠ የመሬት ውስጥ ግንድ ነው። ለፀሐይ ሲጋለጥ አረንጓዴ መሆኑን ለግንድነቱ ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ፤ እኔ ግን ይህን ማስረጃ አልቀበለውም፤ ሥር መሆኑ የማያጠራጥረው ካሮትም አናቱ ከአፈር ብቅ ካለ አረንጓዴ ይሆናልና። በነገራችን ላይ የድንቹን አረንጓዴ ክፍል ቆርጦ መጣል የሚመከረው ብርሃኑ ክሎሮፊል ብቻ ሳይሆን ሶላኒን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገርም እንዲበዛ ስለሚያደርግ ነው።

ስኳር ድንችን ከድንቹ ጎን ሳስቀምጠው ልዩነቱ ወዲያው ታየኝ። ስኳር ድንች ጠባሳና እምቡጥ በሥርዓት የተደረደሩበት ዓይን የለውም፤ ቢያቆጠቁጥም ቡቃያው በአብዛኛው ከእናት ተክሉ ጋር ተያይዞ በነበረበት ጫፍ በኩል ይበዛል እንጂ አንጓ ተከትሎ አይወጣም። እርሱ ያበጠ ሥር ነው። ሁለቱ በመልክም፣ በአገልግሎትም፣ በስምም ቢቀራረቡ በአካል ደረጃ የተለያዩ ናቸው።

ከአስቤዛው ሁሉ ግን ብዙ ጊዜ የወሰደብኝና ያስደሰተኝ ካሮት ነው። በሹል ምላጭ ከላይ ወደታች ለሁለት ሲሰነጠቅ፣ በመካከሉ ፈካ ያለ ዘንግ፣ በዙሪያው ደግሞ ደመቅ ያለ ወፍራም ሥጋ ይታያል። የመካከሉ ክፍል በአብዛኛው ውኃን ወደላይ የሚያሳልፈው ዛይለም ሲሆን፣ የውጪው ክፍል የተዘጋጀውን ስኳር የሚያደርሰውና የሚያከማቸው ፍሎየም ነው። በላዩ ላይ የምናያቸው ቀጫጭን የጎን ሥሮች የሚነሡበትን ለማየት ምላጩን በአንዱ ሥር ላይ በትክክል ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ሲደረግ ከቆዳው ተነስቶ ሥጋውን አቋርጦ እስከ መካከለኛው ዘንግ የሚደርስ ቀጭን መስመር ይገኛል። የጎን ሥር ከውስጥ ይወለዳል የሚለው አባባል በዓይን የሚታይበት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። ከዛፍ ቅርንጫፍ ጋር ብናነጻጽረው፣ ቅርንጫፍ ከቅጠል ብብት ውስጥ፣ ከገጽ ላይ ካለ እምቡጥ ይነሣል፤ ሥሩ ደግሞ ለአፈርና ለጠጠር የሚጋለጠውን ለጋ ጫፉን እስኪጠነክር ድረስ በእናቱ ሥጋ ውስጥ ይሸሽገዋል። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ የራሴ ትርጓሜ ነው፤ የተሻለ ማብራሪያ ያላችሁ አስተያየታችሁን ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ዝንጅብልና እርድ ቀላል ናቸው፤ በዙሪያቸው ያሉት ቀለበቶች አንጓዎች፣ በቀለበቶቹ ላይ የቀሩት ደረቅ ልጣጮች ቅጠሎች ስለሆኑ ሁለቱም በአግድም የሚሄዱ ግንዶች ናቸው። ቀይ ሽንኩርት ላይ ግንዱ የት እንዳለ ለማግኘት ሥሩ የተነሣበትን ጠፍጣፋ መቀመጫ መመልከት ይበቃል፤ እኛ የምንከትፈው ሥጋ የቅጠሎች እግር ነው። ነጭ ሽንኩርትም የዚሁ ዓይነት ቢሆንም፣ እያንዳንዱ ፍሬ ራሱን የቻለ የብብት እምቡጥ ነው፤ ሥጋውም አንድ ያበጠ ቅጠል ነው፤ በመካከሉ ያለችው አረንጓዴ ቡቃያ ስትከተፍ ይህን ታረጋግጣለች። ለድፎ ዳቦ መጋገሪያ ቅጠሉን የምንቆርጥለት ኮባም፣ ከሙዝ ጋር በአንድነት፣ ግንድ የሚመስለው ቁመናው እርስ በርሱ የተጠቀለለ የቅጠል እግር ብቻ ነው፤ እውነተኛው ግንድ ከሥር፣ አፈር ውስጥ ነው። የቅጠሉን እግር በአግድም ሲቆርጡት በስስ ግድግዳ የተከፋፈሉ የአየር ክፍሎች ይታያሉ፤ ያ ሁሉ ቁመት ያለ እንጨት ሊቆም የቻለው በእነዚህ ክፍሎችና በውስጡ ባለው የውኃ ግፊት ነው።

መመዘኛው ከኩሽና ወጥቶ ሜዳ ላይ የተፈተነው በእሾህ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ አራት ዓይነት እሾህ ያላቸው ተክሎች እናገኛለን፤ ሁሉም አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ ለጋውን አካል ከፍየልና ከከብት አፍ ይጠብቃሉ። በትውልዳቸው ግን አራቱም ለየቅል ናቸው። በደሴ አካባቢ አጥር ላይና ቁጥቋጦ ውስጥ የሚገኘው ቀጋ እሾሁ የቆዳው ውጤት ነው፤ በየት በኩል እንደሚወጣ ሥርዓት የለውም፤ በአውራ ጣት ወደጎን ሲገፉት ከነመቀመጫው ይገነጠላል፤ በተገነጠለበትም ላይ የውኃ መስመር አይታይም። የሎሚ እሾህ ደግሞ ሁልጊዜ ከቅጠል ብብት ይወጣል፤ ስለዚህ እርሱ የሾለ ቅርንጫፍ ነው፤ ለመገንጠል ቢሞክሩ ከእንጨቱ ጋር የተያያዘ መሆኑ ይታወቃል። ወደታች ስንወርድ የምናገኘው ግራር እሾሁ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከቅጠሉ እግር ግራና ቀኝ ይቆማል። በዚያ ቦታ በብዙ ተክሎች ላይ ቅጠል መሰል ትንንሽ አካላት እናገኛለን፤ በባቄላ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባቸውና ጉንዳን የማይለያቸው እነርሱ ናቸው፤ ነጥቡ ጣፋጭ ፈሳሽ የሚያመነጭ ዕጢ ነውና። የግራር ጥንድ እሾህ እነዚህ አካላት ጠንክረው የሾሉበት ነው።

አራተኛው በለስ ሲሆን ከሁሉ የሚያከራክረውም እርሱ ነው። ሰው ሁሉ ቅጠል የሚለው ጠፍጣፋና ሥጋማ አካል ግንድ ነው። ማስረጃውን ለማየት የሚመቸው ጊዜ አዲስ ጠፍጣፋ አካል በሚያወጣበት ወቅት ነው፤ በለጋው ላይ እያንዳንዱ እሾህ በሚነሣበት ነጥብ ሥር የመርፌ ጭንቅላት የምታክል፣ ሾጠጥ ያለች አረንጓዴ ነገር ትታያለች፤ እውነተኛዋ ቅጠል እርሷ ናት፤ ብዙ ሳትቆይም ትረግፋለች። እሾሁ የሚነሣበት ነጥብ ደግሞ የዚያች ቅጠል ብብት ውስጥ ያለ እምቡጥ ሲሆን፣ እሾሆቹ የእምቡጡ ቅጠሎች ናቸው። ይህን ያወቀ ሰው የበለስን ፍሬ ሲልጥ ሌላ ነገር ያስተውላል፤ በፍሬው ልጣጭ ላይም ተመሳሳይ ነጥቦች አሉ። የፍሬው ውጫዊ ክፍል ዘሩን ያቀፈ የግንድ ሥጋ ስለሆነ ነው። ቅጠል ያጣው ይህ ግንድ ብርሃን አስተጻምሮውን ራሱ ያካሂዳል፤ የአየር ቀዳዳዎቹንም በአብዛኛው ሌሊት ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባል፣ በአሲድ መልክ ያስቀምጠዋል፣ ቀን በፀሐይ ቀዳዳውን ዘግቶ ይጠቀምበታል። ውኃ በሌለበት ቁልቁለት ላይ ለምልሞ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ አየር ቀዳዳ ካነሣሁ፣ ስቶማታ የሚባሉትን እነዚህን ቀዳዳዎች ያየሁበትን ዘዴ ልንገራችሁ። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በቅጠሉ ገጽ ላይ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ሲደርቅ በግልጽ ፕላስተር ማንሣትና ፕላስተሩን በመስታወት ላይ ለጥፎ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ማይክሮስኮፕ ያገኘሁት ከአንድ የሥነ ሕይወት መምህር ወዳጄ በውሰት ነው፤ 100 እጥፍ ማጉላት ቦታቸውን ለማየት፣ 400 እጥፍ ደግሞ ቅርጻቸውን ለመለየት ይበቃል። በባቄላ ቅጠል ላይ ቀዳዳውን የሚከፍቱና የሚዘጉ ሁለት የኩላሊት ቅርጽ ያላቸው ሕዋሳት ፊት ለፊት ተቀምጠው ይታያሉ፤ ውኃ ሲሞላባቸው ይቀስታሉ፣ ቀዳዳውም ይከፈታል፤ ውኃው ሲያንስ ይላላሉ፣ ይዘጋልም። በጤፍ፣ በማሽላና በበቆሎ ግን ጫፍና ጫፋቸው የወፈረ፣ መካከላቸው የቀጠነ ሕዋሳት የቅጠሉን ደም ሥር ተከትለው በመስመር ተሰልፈዋል። ባለ አንድ ክክና ባለ ሁለት ክክ ዕፅዋትን በዘራቸው ብቻ ሳይሆን በቀዳዳቸው አደራደርም መገመት እንደሚቻል ያየሁት በዚህ ነው፤ ምንም እንኳ የሕዋሳቱ ልዩ ቅርጽ የሣር ወገን መለያ እንጂ የባለ አንድ ክክ ሁሉ ባይሆንም።

በዚህ ዘዴ ከሁሉ የበለጠ የተጠቀምኩት በጦሳ ተራራ ተዳፋት ላይ በሞላው በነጭ ባሕር ዛፍ ነው። የዚህን ዛፍ ችግኝ ከትልቁ ዛፍ ጋር ያላስተያየ ሰው ሁለት የተለያዩ ተክሎች ናቸው ቢል አይፈረድበትም። የችግኙ ግንድ አራት ማዕዘን ነው፤ ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ጥንድ ሆነው፣ ያለ አንገት ግንዱን ተጠግተው፣ ሰማያዊ በሚመስል ነጭ ሰም ተሸፍነው በአግድም ይዘረጋሉ። ዛፉ ከፍ ሲል የሚያወጣቸው ቅጠሎች ግን ማጭድ የመሰሉ፣ ረጅም አንገት ያላቸው፣ በተራ አንድ በአንድ የሚወጡና ወደታች የሚንጠለጠሉ ናቸው። ከተቆረጠ ጉቶ የሚያቆጠቁጠው ቀንበጥ የችግኙን ዓይነት ቅጠል ስለሚያወጣ፣ ሁለቱን በአንድ ዛፍ ላይ አግኝቶ ማወዳደር ይቻላል። የጥፍር ቀለሙን ሥራ በሁለቱም ላይ ስናካሂድ፣ በችግኙ ቅጠል ላይ ቀዳዳዎቹ በታችኛው ገጽ ይገኛሉ፤ በተንጠለጠለው ቅጠል ላይ ግን በሁለቱም ገጽ። ምክንያቱ ከአቀማመጡ ይገኛል፤ በአግድም የተዘረጋ ቅጠል ላይና ታች አለው፤ ላዩ ፀሐይ ይመታዋል፣ ታቹ ጥላ ነው፤ ተንጠልጥሎ የሚኖር ቅጠል ግን ላይም ታችም የሌለው ሲሆን፣ ሁለቱ ገጾቹ ጠዋትና ማታ ፀሐይን ይካፈላሉ፣ በቀትር ደግሞ ጠርዙን ብቻ ለፀሐይ ይሰጣል። የውስጥ አሠራሩም ከዚሁ ጋር ተስማምቶ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ነው። ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ብርሃን የሚበዛው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሥር ልመለስ። ባቄላን በብርጭቆ ውስጥ በእርጥብ ሶፍት አጣብቆ ማብቀል ሁላችንም የምናውቀው ሙከራ ነው፤ የምጨምርበት ነገር ቢኖር ሥሩ ብቅ ሲል ከጫፉ ጀምሮ በየሚሊ ሜትሩ በቀጭን ስክሪፕቶ ነጥብ ማድረግ ነው። በማግስቱ ነጥቦቹ ሲታዩ ከጫፉ በላይ ባሉት ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ውስጥ ያሉት ብቻ ተራርቀዋል፤ ሌሎቹ ባሉበት ናቸው። ሥር የሚረዝመው ከጫፉ ጥቂት ወደኋላ ባለው ክፍል ብቻ ስለሆነ ነው፤ ሥሩ በሙሉ ቢረዝም ኖሮ የወጡት የጎን ሥሮችና ፀጉሮች ከአፈሩ ጋር ተፋግተው ይቆራረጡ ነበር። የሥር ፀጉር የሚጀምረውም መርዘሙ ካቆመበት ቦታ ነው። እያንዳንዱ ፀጉር የአንድ የቆዳ ሕዋስ እጅ ሲሆን ብዙም አይቆይም፤ ሥሩ ወደፊት ሲሄድ የፊተኛው ይሞታል፣ አዲሱ ይተካል። አሜሪካዊው ሃዋርድ ዲትመር እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው ጥናት አንዲትን የአጃ ዘመድ የሆነች የራይ ተክል ሥር አጥቦ ለክቶ፣ የሥሮቿ ርዝመት ሲደመር ከ620 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የሥር ፀጉሯ ብዛት ደግሞ ወደ 14 ቢሊዮን እንደሚደርስ አስልቷል። አንድ ችግኝ ሲተከል ሥሩ ላይ ያለው አፈር እንዳይራገፍ የሚባልበት ምክንያት ይኸው ነው፤ የሚራገፈው አፈር ፀጉሩን ይዞ ይሄዳልና።

የባቄላ ሥር ላይ የሚገኙት ኳስ መሰል እባጮች በሽታ አይደሉም፤ በውስጣቸው ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ በሚስማማ መልክ የሚያዘጋጁ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አንዱን በጥፍር ሲሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ቀለሙ ከሰው ደም ቀለም ጋር የሚዛመድ ኦክስጅን የሚይዝ ፕሮቲን ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሥራውን ጨርሷል።

ግንድ ላይ የሠራሁት ዋናው ሙከራ ቅርፊት መላጥ ነው። ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሠራውን ሥራ፣ ኮምቦልቻ በሚገኝ ዘመድ ግቢ ውስጥ ሊቆረጥ በታሰበ የዘይቱና ቅርንጫፍ ላይ ደገምኩት። ከቅርንጫፉ ዙሪያ የጣት ስፋት ያለው የቅርፊት ቀለበት እስከ እንጨቱ ድረስ ተልጦ ሲነሣ፣ ከቀለበቱ በላይ ያለው ቅጠል አይጠወልግም፤ ውኃ የሚወጣው በእንጨቱ በኩል ስለሆነ መንገዱ አልተነካም። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ከቀለበቱ በላይ ያለው ጠርዝ ያብጣል፤ ቅጠሎቹ አዘጋጅተው ወደታች የሚልኩት ስኳር በፍሎየም በኩል መጥቶ መሻገሪያ አጥቷል። ይህ ሥራ በዋናው ግንድ ላይ ቢደረግ ሥሩ ተርቦ ይሞታል፣ ዛፉም ከእርሱ በኋላ። ፍየል ቅርፊቱን ዙሪያውን የላጠችው ችግኝ ለጊዜው ለምልሞ ቆይቶ በድንገት የሚደርቀው ለምን እንደሆነ ለአንድ ጎረቤቴ ያስረዳሁት በዚህ ነው።

ውኃ ወደላይ የሚወጣበት መንገድ ከዚህ ይረቅቃል። እንግሊዛዊው ስቴፈን ሄልስ እ.ኤ.አ. በ1727 ባሳተመው ሥራው ተክል ከቅጠሉ የሚያወጣውን ተን መዝኖ፣ ውኃውን የሚስበው ቅጠሉ መሆኑን አሳየ፤ በደብሊን ይሠሩ የነበሩት ሄንሪ ዲክሰንና ጆን ጆሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1894 የውኃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ የሚያያዙበት ኃይል ውኃውን እንደ ገመድ ሳይበጠስ እስከ ረጅም ዛፍ ጫፍ ለመጎተት እንደሚበቃ አስረዱ። እዚህ ላይ አሠራር ሥራን የሚገልጽበት ጥሩ ምሳሌ አለ። የዛይለም ቱቦ ሕዋሳት ሥራቸውን የሚጀምሩት ከሞቱ በኋላ ነው፤ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ፣ ግድግዳቸው ሊግኒን በተባለ እንጨትን በሚያጠነክር ንጥረ ነገር ጠንክሮ፣ ጫፋቸው ተከፍቶ ሲቀር ውኃ ያሳልፋሉ፤ ግድግዳው የጠነከረው ደግሞ የሚጎተተው ውኃ ወደ ውስጥ እንዳያጨማድደው ነው። የፍሎየም ሕዋሳት በተቃራኒው ሕያው ናቸው፤ ኑክሊየሳቸውን ግን አጥተዋል፤ ስለዚህ ከጎናቸው ያለች ጓደኛ ሕዋስ ታስተዳድራቸዋለች። ጽድ በበኩሉ እንደ ባሕር ዛፍ ያለ ሰፊ ቱቦ የለውም፤ ውኃው ጫፋቸው በተዘጋ ቀጫጭን ሕዋሳት መካከል በጎን ባሉ ጉድጓዶች ይተላለፋል።

ሣርን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። ዝናብና ነፋስ የጣለው የገብስ አገዳ ለጋ ከሆነ ቀና ሲል የሚታጠፈው አንጓው ላይ ነው፤ ከአንጓው አጠገብ ያለው የቅጠል እግር በታችኛው በኩል ስለሚያድግ አገዳውን ወደላይ ይገፋዋል። የሣር ወገን በአንጓና በቅጠል ግርጌም የሚያድግ ስለሆነ ተግጦም ተመልሶ ያድጋል። በአበባ ላይ የሠራሁት ገና ትንሽ ስለሆነ በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ፤ ለጊዜው የበቆሎ እሸት ስትፈለፍሉ እያንዳንዱን የጢሙን ክር እስከ መጨረሻው ብትከተሉት ወደ አንዲት ፍሬ ብቻ እንደሚሄድ ልብ በሉ፤ ጽጌ ብናኝ ያልደረሰበት ክር ፍሬው ባዶ ይቀራል።

የእስካሁኑን ሁሉ ፈተና ላይ የጣለው ግን በኮምቦልቻ አካባቢ በማሽላ እርሻ የሚገኘው አቀንጭራ የተባለ ጥገኛ አረም ነው። ሐምራዊ አበባው ያማረ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከጉልበት የማይበልጥ ተክል ነው። ማሳቸውን ያሳዩኝ አንድ አዛውንት ገበሬ፣ «አባቴ፣ አበባ ሳያወጣ ቢነቀል አይሻልም?» ስላቸው፣ «ይሻላል ልጄ፤ ግን እርሱ ብቅ ከማለቱ በፊት ነው ማሽላውን የጨረሰው» አሉኝ። ነገሩ እንዳሉት ነው። የአቀንጭራ ዘር ከአንድ ሚሊ ሜትር ሢሶ አይበልጥም፤ በውስጡ ያለው ስንቅ ለጥቂት ሚሊ ሜትር ሥር ብቻ የሚበቃ ነው። ስለዚህ የአስተናጋጅ፣ ማለትም ተጣብቆ የሚኖርበት ተክል፣ ሥር በአጠገቡ መኖሩን ሳያውቅ አይበቅልም፤ አፈር ውስጥም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። የሚያሳውቀው ምልክት የማሽላው ሥር የሚያወጣው ስትራይጎላክቶን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ማሽላው ይህን የሚያወጣው ፎስፈረስ በማግኘት የሚረዱትን ፈንገሶች ለመጥራት ነው። ለወዳጅ የተላከውን መልእክት ጠላት ያነብበዋል ማለት ነው።

ዘሩ ሲበቅል የሚወጣው የመጀመሪያ ሥር ነው፤ በቦታው ከባቄላው የመጀመሪያ ሥር ጋር አንድ ነው። ነገር ግን የማሽላውን ሥር ሲቃረብ ጫፉ መርዘሙን ያቆማል፣ ያብጣል፣ የሚያጣብቅ ፀጉር ያወጣል፤ ከዚያም የማሽላውን ሥር ቆዳ ሰንጥቆ እስከ ዛይለሙ ይገባና የራሱን ዛይለም ከእርሱ ጋር ያገናኛል። በባቄላው ላይ በነጥብ የለካሁት፣ ሥርን ሁሉ የሚያስረዝመው ክፍል እዚህ ወደ መምጠጫ ተለውጧል። ከዚያ ወዲያ ሳምንታት ከአፈር በታች በማሽላው ይኖራል። ከአፈር በላይ ሲወጣም አረንጓዴ ቅጠሉ ስቶማታውን እንደ ማሽላው ቶሎ አይዘጋም፤ ብዙ ተን ስለሚያወጣ ውኃውን ወደራሱ ይስባል። ሄልስ የለካው የቅጠል መሳብ እዚህ የመዝረፊያ መሣሪያ ሆኗል፤ ማሽላው ዝናብ ባለበት ጊዜም ድርቅ እንደመታው የሚጠወልገው በዚህ ነው።

ኢትዮጵያዊው የማሽላ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. የ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማዳበራቸው ነው። ከመቋቋሚያዎቹ አንዱ ሥሩ ምልክቱን አሳንሶ የሚያወጣ ማሽላ መምረጥ መሆኑን ሳነብ፣ የሥር ሥራ ውኃና ማዕድን መሳብ ብቻ ነው ብለን የተማርነው ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ ገባኝ። ማሽላን ከጥራጥሬ ጋር ማፈራረቅና አቀንጭራውን ዘር ሳይጥል መንቀልም የሚያግዙ ዘዴዎች ናቸው፤ አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ስለሚያፈራ አበባው እስኪደርቅ መጠበቅ አይገባም።

መገናኛውን ማየት ለምትፈልጉ፣ አቀንጭራውን በእጅ መንቀል ግንኙነቱን ስለሚበጥሰው፣ ማሽላውንና እርሱን ከነአፈራቸው በአካፋ አንስቶ በባልዲ ውኃ ውስጥ አሳድሮ አፈሩ በራሱ እንዲለቅ ማድረግ ይሻላል። ቀጥዬ ላየው የምፈልገው በግራርና በወይራ ቅርንጫፍ ላይ የሚበቅለውን ተቀጽላ ነው። እርሱም ውኃውን ከሌላ ይወስዳል፤ ሆኖም የሚጣበቀው በሥር ላይ ሳይሆን በቅርንጫፍ ላይ ነው። በገራዶ ወይም በሐይቅ ከተማ በኩል ዝቅ ብሎ በእጅ የሚደረስ ተቀጽላ ያለበትን ዛፍ የምታውቁ ካላችሁ ብትጠቁሙኝ፣ አስተናጋጁ ቅርንጫፍ ከመጣበቂያው በላይና በታች ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ለክቼ፣ መገናኛውንም በምላጭ ሰንጥቄ ያየሁትን አካፍላችኋለሁ።